ዶክተር ቲጃኒ አልማሒ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪዎቹ በካርቱም ሆስፒታል በበሽተኛው አልጋ ዙሪያ እየቆሙ ሙያውን ይቀስሙ ነበር። በ1911 በነጭ ዓባይ ዳር በካዋ የተወለዱት ቲጃኒ አልማሒም ከዚሁ ትምህርት ቤት በ1935 ተመርቀው በኦምዱርማን፣ በኮስቲና በዋዲ ሐልፋ አገለገሉ።

ይሁን እንጂ ያ ሕክምና ብዙም ያልደረሰለት አንድ በሽተኛ ነበር። በዚያ ዘመን አእምሮው የታወከ ሰው የሚወሰደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሼሁ ደጅ ነበር፤ አንዳንዱም በሰንሰለት ይታሰራል። ቲጃኒ ይህን የሕክምና ዘርፍ ለመማር ወደ ለንደን ተሻገሩ። በ1949 ዲፕሎማቸውን ይዘው ተመለሱና ብዙም ሳይቆዩ በሰሜን ካርቱም የነርቭ በሽታዎች ክሊኒክ አቋቋሙ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። ከለንደን የተመለሰ ሐኪም የአገር ቤቱን አዋቂ መናቅ አይከብደውም። እሳቸው ግን ከባህል ሐኪሞች ጋር ተቀራርበው፣ እንደ ተማሪ እየጠየቁና እየተመለከቱ አብረው ሠሩ። በእኛም አገር የታወቀውን ዛር ሳይቀር ከበሮው ሲመታ በሽተኛዋ ምን እንደምትሆን፣ ስለምንስ እንደሚቀላት መረመሩ። ቤተሰቡ ሼሁን ሳይተው ወደ ክሊኒኩ ሊመጣ የሚችልበት መንገድ በዚህ ተከፈተ።

ከ1959 ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት አማካሪ ሆኑ፤ በ1964 ደግሞ ሱዳንን ከመሩት አምስት የላዕላይ ምክር ቤት አባላት አንዱ ነበሩ። በ1970 ሲሞቱ በዕድሜ ዘመናቸው የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ለካርቱም ዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ተላለፉ፤ በኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታልም በስማቸው ተጠራ።