ጸሎቱ እስኪያልቅ፦ የቄስ አቤሴሎም ጆንስ ሕይወት



የመታሰቢያ መጽሔቱ አዘጋጆች ደውለው ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል አንድ ጽሑፍ እንድልክ ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደተለመደው ስለ ካፌው ሽሮና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወረፋ መጻፍ ነበር። ያንን የሚጽፍ አይጠፋም ብዬ ተውኩት። በምትኩ ካረፉ ከ200 ዓመት በላይ ስለሆናቸው አንድ ቄስ ላጫውታችሁ። ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ ከእኛው ከአንዱ ጋር የተያያዘ ነው።

የምኖረው ፊላደልፊያ አጠገብ ነው። አንድ ቀን በከተማው አራተኛ ጎዳና ሳልፍ አሮጌ የጡብ ቤተ ክርስቲያን አየሁ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይላል። አራዳ ላደገ ሰው ጊዮርጊስ የሚል ስም አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም አይደል? ቆምኩ። የእኛ አይደለም፣ የሜቶዲስቶች ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተመራቂ ሆኜ፣ እዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን ሳላውቅ ስንት ዓመት በደጁ ማለፌ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አቤሴሎም ጆንስ በ1746 በዴላዌር በባርነት ተወለዱ። በልጅነታቸው በጌታቸው ቤት ውስጥ ያገለግሉ ስለነበር አንዳንድ ሰው ሳንቲም ጣል ያደርግላቸዋል። ያንን አጠራቅመው ፊደል መቁጠሪያና አዲስ ኪዳን ገዙ። አስተማሪ የላቸውም፤ ማንበብ የሚችል ሰው ባገኙ ቁጥር እየለመኑ ተማሩ። 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ጌታቸው እናታቸውን፣ እኅታቸውንና አምስት ወንድሞቻቸውን ሸጠና እሳቸውን ብቻ ይዞ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ሰባት የሥጋ ዘመድ በአንድ ጊዜ! በከተማው ቀን ቀን የጌታቸው ሱቅ ውስጥ ይሠራሉ። አንድ የሱቁ ጸሐፊ መጻፍ አስተማራቸውና፣ ብዙም ሳይቆዩ ለእናታቸውና ለወንድሞቻቸው በገዛ እጃቸው ደብዳቤ መጻፍ ቻሉ። ቆይተውም ለጥቁሮች በተከፈተ የማታ ትምህርት ቤት ገቡ። እኛ ትምህርትን የዲግሪ ጉዳይ አድርገን እናየዋለን። ለእሳቸው ግን የተበተነ ቤተሰብ የሚገናኝበት ክር ነበር።

በ1770 ሜሪ የምትባል ሴት አገቡ፤ እሷም የሌላ ሰው ባሪያ ነበረች። የዚያን ጊዜው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይወርሳል ይላል፤ እናት ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው። ስለዚህ አቤሴሎም ከራሳቸው በፊት የሚስታቸውን ነጻነት ለመግዛት ተነሡ። ኩዌከር የሚባሉትን፣ ጦርነትንና ባርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ደጅ እየጠኑ እርዳታና ብድር አሰባሰቡ፤ ዕዳውን ለመክፈልም እስከ እኩለ ሌሊት እየሠሩ ዓመታት ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ነጻነት ደጋግመው ጠየቁ፤ ጌታቸው ደጋግሞ እምቢ አለ። የተፈቀደላቸው በ1784 ነው። ምን አደረጉ መሰላችሁ? እዚያው ሱቅ ውስጥ ደሞዝ እየተከፈላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1787 ሪቻርድ አለን ከሚባሉ ወዳጃቸው ጋር ሆነው የነጻ አፍሪካውያን ማኅበር አቋቋሙ። መተዳደሪያ ደንቡን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እድር ነው እኮ! እያንዳንዱ አባል በወር አንድ ሺሊንግ ያዋጣል፤ አንድ ዓመት ካዋጣ በኋላ ችግር ላይ ቢወድቅ በሳምንት 3 ሺሊንግ ከ9 ፔንስ ይሰጠዋል። ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ይረዳሉ። ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች ቀባሪም ጠያቂም በሌለበት አገር፣ ሸጠው በበተኗቸው ሰዎች መሃል እድር መመሥረታቸው ነው።

ሁለቱም የሚያስቀድሱት በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ነጩም ጥቁሩም አንድ ላይ ይጸልይ ነበር። የጥቁሮቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ግን አስተዳዳሪዎቹ መጀመሪያ በግድግዳው ዳር እንዲቀመጡ፣ ኋላም ፎቅ ላይ ወደተሠራው ሰገነት እንዲወጡ አዘዙ። ልብ በሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሰፋና ወለሉ ሲታደስ ገንዘብ ካዋጡትና ጉልበታቸውን ካፈሰሱት መካከል እነሱም ነበሩ። አንድ እሑድ ጠዋት መጡ፣ የሚገባን ቦታ ነው ብለው ሰገነቱ ላይ ተንበረከኩ። ጸሎት ተጀምሯል። ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ መጥቶ ይህም ቦታ የእናንተ አይደለም በማለት አቤሴሎም ጆንስን ከተንበረከኩበት ጎትቶ ያነሣቸው ጀመር። እሳቸው ጸሎቱ እስኪያልቅ እንዲታገሣቸው ለመኑ። ሰውየው እምቢ አለ። እሳቸው ግን ጸሎቱ ሲያልቅ በራሳቸው እንደሚነሡና ዳግመኛ እንደማያስቸግሯቸው ነገሩት። ሰውየው ረዳት ጠርቶ ሌሎቹንም መጎተት ጀመረ፤ በዚህ መሃል ጸሎቱ አለቀ። ጥቁሮቹ ምእመናን ሁሉ አንድ ላይ ተነሥተው፣ አንድ ላይ ወጡ።

በተማሪነቴ ዘመን ይህን ብሰማ ኖሮ ሰውየውን ተለማማጭ እላቸው ነበር። እናንተም የዚያን ጊዜውን አፋችንን ታውቁታላችሁ፤ ታግሦ የሚናገር ሁሉ ፈሪ ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው ግን በዚያ ሰገነት ላይ ከፍርሃት ይልቅ የሚታየኝ ሥርዓት ነው። እጃቸውን አላነሡም፤ ቦታውንም አልለቀቁም። ጸሎቱን ያቋረጠው ጎታቹ እንጂ እሳቸው አልነበሩም። ሲወጡም ማንም ብቻውን አልቀረም።

የመጣው ፈተና ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1793 ፊላደልፊያን ቢጫ ወባ መታት። 50,000 ገደማ ሕዝብ ከነበራት ከተማ በጥቂት ወራት ውስጥ 5,000 ያህል ሰው ሞተ፤ የቻለ ሁሉ ሸሸ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ገና ማንም አያውቅም። ቤንጃሚን ረሽ የሚባሉት ታዋቂ ሐኪም ጥቁሮችን በሽታው አይነካቸውም ብለው ያምኑ ነበርና ከተማዋን እንዲያስታምሙ ጠየቋቸው። አቤሴሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን ማኅበራቸውን ሰብስበው ተማከሩና እሺ አሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ አስታመሙ፣ በዘመኑ ሕክምና መሠረት ደም አወጡ፣ ሬሳ ተሸከሙ፣ ቀበሩ። ከሰገነቱ ያስነሧቸው ሰዎች ከተማ ናት ይህች። አይነካችሁም የተባለውም ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ እነሱም እንደ ሌላው ረገፉ። በ1792 በከተማዋ የተቀበሩት ጥቁሮች 67 ሲሆኑ፣ በ1793 ግን 305 ደረሱ።

ወረርሽኙ ሲያልፍ ምስጋና የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። አንድ አሳታሚ በጻፈው መጽሐፍ ጥቁር አስታማሚዎች ከልክ ያለፈ ዋጋ ጠየቁ፣ ከቤትም ሰረቁ የሚል ክስ አሰራጨ። እዚህ ላይ ሁለቱ ወዳጆች ዝም አላሉም። በ1794 የራሳቸውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ፣ የሬሳ ሣጥኑን ወጪ፣ የሠራተኛውን ደሞዝ አንድ በአንድ አስቀመጡ፤ ከገባው የወጣው በልጦ ተገኘ። አለመማታት ማለት አለመናገር አይደለም፤ ስድብን በስድብ ሳይመልሱ ሒሳቡን ማሳየት ይቻላል።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ተመረቀ፤ ኋላ ቅዱስ ቶማስ ተባለ። አብዛኛው ምእመን ከኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር መተባበርን መረጠ። አለን ከሜቶዲስትነቴ አልነቃነቅም ብለው መሪነቱን እምቢ አሉ፤ ጆንስ ተቀበሉ። አጥቢያው የራሱን ጉዳይ ራሱ እንዲያስተዳድር፣ ጆንስም ብቁ ሆነው ሲገኙ እንዲካኑ ቃል ተገባ። በ1795 ዲቁና ተቀበሉ፤ ቆይተውም በዚያች ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ቅስና የተቀበሉ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ። ግን መራራ ነገር ነበረበት፦ ቅዱስ ቶማስ በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ወንበር እንዳይኖረው ተደረገ። ይህ እገዳ እስከ 1860ዎቹ ቆየ። ቄሱ ይህን መቀበላቸው ልክ ነበር ወይ? ወዲያና ወዲህ አገላብጬዋለሁ። እኔ እምቢ ባልኩ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩን ትተው መሠዊያውን ያዙ፤ በዚያ መሠዊያ ዙሪያ የቆመው አጥቢያ ዛሬም አለ።

ወንበር የነሧቸው ሰዎች ድምፃቸውን ግን ሊነሷቸው አልቻሉም። በ1799 መጨረሻ ከ70 በላይ የፊላደልፊያ ነጻ ጥቁሮችን ፊርማ ይዘው ለአገሪቱ ምክር ቤት አቤቱታ አስገቡ፤ የባሪያ ንግዱና ነጻ ሰዎችን አፍኖ መሸጥ እንዲቆም፣ ባርነትም ቀስ በቀስ እንዲቀር የሚጠይቅ ነበር። ምክር ቤቱ በ85 ድምፅ ጣለው፤ ከጎናቸው የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቄሱ አልተዉም። ባሮችን ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለበት ጥር 1 ቀን 1808 ሲደርስ በቅዱስ ቶማስ የምስጋና ስብከት ሰበኩ፤ መነሻቸው እግዚአብሔር በግብፅ የሕዝቡን መከራ አይቶ መውረዱን የሚናገረው የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ ነበር። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ እንደዚሁ በመቀመጫ የተገፉ ጥቁር ምእመናን የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርቱ አቢሲኒያን ብለው ጠሩት። የእኛን ስም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሁለቱ ጓደኝነት ነው። አንዱ ኤጲስቆጶሳዊ፣ አንዱ ሜቶዲስት፤ በየፊናቸው አጥቢያ መሪ። ሰው ሊያጣላቸው ቢፈልግ ምክንያት ሞልቷል። እነሱ ግን አቤቱታ ሲጻፍ አብረው ናቸው። በ1816 አለን ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ እጃቸውን ከጫኑት አንዱ ቄስ ጆንስ ነበሩ። በ1817 ነጻ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ አሳፍሮ የማስወጣት እቅድ ሲመጣ፣ በአለን ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ተሰብስቦ እንቢ ሲል አሁንም አብረው ነበሩ። ቄስ አቤሴሎም ጆንስ የካቲት 13 ቀን 1818 በ71 ዓመታቸው አረፉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በየዓመቱ በዚያ ቀን ታስባቸዋለች።

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የምሳለምበት አጥቢያ ለሁለት ተከፈለ። ነገሩ በሒሳብ ተጀምሮ የአባትህ አገር ወዴት ነው በሚል አለቀ። ቆዳችን አንድ ዓይነት ቢሆንም ሰገነት መሥራት አላቃተንም። አንድ እሑድ ጭቅጭቁ ቅዳሴ መሃል ፈነዳ። እኔ ጸሎቱ እስኪያልቅ አልታገሥኩም፤ ጫማዬን አንሥቼ፣ እየተሳደብኩ ወጣሁ። አራት ዓመት አንድ ዶርም የተኛን ጓደኛዬ ግን እዚያው ቀረ። መውጣቴን እንኳ ይቅር ብየው ነበር ራሴን። ይቅር ያላልኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ባለፈው ዓመት እናቱ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ተማሪ ሳለን በየፋሲካው ቤታቸው ያበሉኝ እናት ናቸው። ለእኛ ሰው ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ያ ሰውዬ ጎትተው ያስነሡትን ሰዎች ከተማ አስታሞ ቀበረ፤ እኔ የወዳጄን እናት መቅበር አቃተኝ።

ይህ መጽሔት ለእሱም ይደርሰዋል፤ ለበዓሉ እንደሚመጣም ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ የየትኛው አጥቢያ ልክነት እንደሆነ አሁንም ላንስማማ እንችላለን፤ ጆንስና አለንም አልተስማሙም። ነገር ግን ከስብሰባው በፊት ላገኝህ እመጣለሁ። የዘገየ ለቅሶዬን ተቀበለኝ።

ለሁላችንም በሰላም ያገናኘን።