ሄንሪ ዱናንት፦ የሶልፌሪኖ ቁስለኞች ባለውለታ

ሄንሪ ዱናንት ሐኪም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1828 በጄኔቫ የተወለዱ ነጋዴ ሲሆኑ፣ በሰኔ 1859 ወደ ሰሜን ጣሊያን የተጓዙትም በአልጄሪያ ላቋቋሙት የወፍጮ ድርጅት ከናፖሊዮን ሣልሳዊ ፈቃድ ለመጠየቅ ነበር። የሚለምኑት በኃይል ከተያዘች አገር እንደነበር ከታሪካቸው ሊሸሸግ አይገባም።

ሰኔ 24 ቀን የፈረንሳይና የሰርዲኒያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር በሶልፌሪኖ ተፋልሞ 40,000 ያህል ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። በአቅራቢያዋ ባለችው ካስቲሊዮኔ ከተማ 9,000 ያህል ቁስለኞች በመንገድ፣ በአደባባይና በአብያተ ክርስቲያናት ተጋድመው ነበር። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ብዙዎች ውሃ የሚያቀብላቸውና ቁስላቸውን የሚያጥብላቸው አጥተው ይሞቱ ነበር። ዱናንት የመጡበትን ጉዳይ ትተው የከተማዋን ሴቶች አስተባበሩ፤ ሕፃናቱን ውሃ አስቀዱ፤ ሸሚዝ፣ ሎሚና ስኳር በገንዘባቸው አስገዙ። ሴቶቹም ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ አስታመሙ። የተማረኩ የኦስትሪያ ሐኪሞች ተፈትተው ቁስለኛ እንዲያክሙም ዱናንት ተማጸኑ።

በ1862 ያዩትን በመጽሐፍ አሳተሙ። በሰላም ጊዜ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች እንዲዘጋጁና ቁስለኛና አካሚው በቃል ኪዳን እንዲጠበቁ ጠየቁ። በ1863 በጄኔቫ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተመሠረተ፤ ነሐሴ 22 ቀን 1864 ደግሞ 12 መንግሥታት የጄኔቫን ስምምነት ፈረሙ። የኦስማን መንግሥት በ1865 ተቀላቀለ። በ1876 ከሰርቢያ ጋር ሲዋጋ፣ መስቀሉ የሙስሊም ወታደሮችን ስሜት ይነካል በማለት በምትኩ ቀይ ጨረቃን እንደሚጠቀም አስታወቀ። ምልክቱ በስምምነት የጸደቀው ግን በ1929 ነው።

ዱናንት ግን በ1867 ከሰሩ። የአበዳሪዎቻቸው ገንዘብ ጠፋ፤ ጄኔቫ ፊቷን አዞረችባቸው፤ ከኮሚቴውም ወጡ። ለረጅም ዓመታት በድህነት ከተንከራተቱ በኋላ፣ ከ1892 ጀምሮ በሃይደን መንደር ሆስፒታል በአንዲት ክፍል ኖሩ። በ1895 አንድ ጋዜጠኛ ባያገኛቸው ኖሮ ዓለም ጨርሶ በረሳቸው ነበር። በ1901 የመጀመሪያውን የኖቤል የሰላም ሽልማት ከፍሬደሪክ ፓሲ ጋር ተጋሩ። ገንዘቡ አበዳሪዎች እንዳይወስዱት በኖርዌይ ተቀመጠ። ዕዳ የሰው ሐቅ ነውና፣ የአበዳሪዎቹም ቅሬታ ተገቢ ነበር።

ጥቅምት 30 ቀን 1910 ሲያርፉ ለራሳቸው ምንም አላዋሉትም ነበር። ከተናዘዙት ውስጥ የተወሰነው ለሃይደን ድሆች በሆስፒታሉ አንድ ነፃ አልጋ እንዲያዝ ነበር።