ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የመኪና ሆድ

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ የአጎቴን ሞተር ብስክሌት ለምኜ ተቀበልሁና ከየካ ተነሥቼ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም ጕዞ ጀመርሁ። የመንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። ሽሮ ሜዳን አልፌ ባሕር ዛፉ መካከል ስገባ ሞተሩ ማሳል ጀመረ፤ ጥቁር ጢስ ተፋ፤ ከአንዱ ጠምዛዛ ላይ እንደ ደረስሁም ጸጥ አለ። እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ የማስነሻውን ፔዳል ረገጥሁ። የቤንዚኑን ጋን ከፍቼ አየሁ፤ ቤንዚን ሞልቷል። ከዚህ በኋላ የማደርገው ጠፋኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ዕውቀት ከቤንዚን ጋን አያልፍም ነበርና።

በዚያ ሰዓት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች እያጎነበሱ ይወርዱ ነበር። አንዲት እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው እኔንና ሞተሩን ተመለከቱና አይዞህ ብለው፣ እንደ በቅሎ ደክሞት እንደ ሆነ ትንሽ አሳርፈው ብለው መክረውኝ ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔም ያን ብረት እየገፋሁ ወረድሁ። የሚያየኝ ሁሉ የሚሥቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

አጎቴ አልተቆጡም። የመቀመጫውን ሥር ከፍተው እኔ አይቼው የማላውቀውን ትንሽ ቍልፍ አወጡና ካንዴላውን ፈቱት፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቍሯል። ነገሩ ቀላል ነበር። ጧት ብርድ ስለ ሆነ ሞተሩን ለማስነሣት የአየሩን መዝጊያ ስቤ ነበር፤ ሲሞቅ ግን መልሼ መክፈት እንደሚገባ አላወቅሁም። በዚያ ላይ እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ካርቡራተሩ የሚልከው ቤንዚን ይበዛል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን ያንሳል፤ ያልተቃጠለውም ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይጋገርና ብልጭታው ይጠፋል። አጎቴ ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው መለሱት፤ ሞተሩም በሁለተኛው ርግጫ ተነሣ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን እየጠረጉ፣ በዚያ ተራራ ላይ ይኖሩ የነበሩት ንጉሥ ቢሆኑ ኖሮ የመኪናውን ሆድ ሳያዩ አይወርዱም ነበር አሉኝ። የማን ንጉሥ እንደ ሆኑ አልጠየቅሁም፤ ነገር ግን ቃሉ አልለቀቀኝም፤ በክረምቱም ስለ እኒያ ንጉሥ የተጻፈውን ፈልጌ አነበብሁ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ. ም. አንጎለላ ተወለዱ። የተጠመቁበት ስም ሣህለ ማርያም ነው። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1833 ዓ. ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከውን መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስን ከነጠመንጃውና ከነመድፉ ተቀብለው ያስተናገዱ፣ የባዕድ አገር ሰው እጅ ሥራ ደስ የሚያሰኛቸው ሰው ነበሩ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ. ም. ሲሞቱ ሕፃኑ ምኒልክ ዕድሜያቸው ከዐሥራ ሁለት ዓመት አይበልጥም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወስደው አሳደጓቸው። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። በመቅደላ ሳሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ለማሠራት እንደሚደክሙ ሳይሰሙ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ። ሌላውን ታሪካቸውን፣ ዐድዋንም ጭምር፣ አንባቢዎች ከእኔ ይልቅ በክፍል ውስጥ ስለ ተማራችሁት እዚህ አልደግመውም።

በ1871 ዓ. ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ አገር መሐንዲስ ከሁለት ባለ እጅ ጓደኞቹ ጋር አንኮበር ደረሰ። ስለዚህ ሰው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤት አልነበረም፤ ጫማ ነበረ ይባላል። ኢልግ መሐንዲስ እንጂ ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ቢሆንም ሰፋ። ጫማው ደስ ሲያሰኛቸው ደግሞ ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት። ጠመንጃ ከውጭ ገዝቶ ማስመጣት እንደሚቀል ቢያስረዳም አልሰሙትም፤ በመጨረሻ ሠርቶ ሰጣቸው ይባላል። ብዙ ሰው ይህን የንጉሥ ቅብጠት አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ምኒልክ ሊያውቁ የፈለጉት የተገዛው ዕቃ በእጅ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ነው፤ ሰው የሠራውን ሰው ሊሠራው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ጥያቄ በጫማና በጠመንጃ ጠየቁ።

የጎበኟቸው የውጭ አገር ሰዎችም ይህንኑ ጽፈዋል። ሰዓት ቢሰጣቸው ይፈቱታል፤ አዲስ ጠመንጃ ቢቀርብላቸው ቍልፉን ከፍተው አንዱን ብሎን ከሌላው ለይተው አይተው መልሰው ይገጥሙታል። በ1890 ዓ. ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በሰም ላይ አስቀርጸው በፎኖግራፍ መልእክት ልከውላቸው ነበር፤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ቃሉን ከሰሙ በኋላ ንግሥቲቱ እንደ ጠየቁት ሰሙ እንዲሰበር ሆነ። እኔ ብሆን ኖሮ አልሰብረውም ነበር፤ ነገር ግን የተገባ ቃል ነው።

አሁን ወደ እንጦጦ ልመለስ። ምኒልክ ሰፈራቸውን ወደ እንጦጦ ያመጡት ከአንኮበር በኋላ ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። እንጦጦ ለጠላት አስቸጋሪ ቢሆንም ብርዱ ኃይለኛ፣ ማገዶውም እያለቀ የሚሄድ ስለ ሆነ በ1879 ዓ. ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ አድርገው አዲስ አበባን ቈረቈሩ። ምኒልክ በእንጦጦ ብርድ ሲኖሩ፣ በ1878 ዓ. ም. በኅዳር ወር፣ በጀርመን አገር ጎትሊብ ዳይምለር የሚባል ሰው ከእንጨት በተሠራ ብስክሌት ላይ የቤንዚን ሞተር ገጥሞ ልጁን አስቀምጦ ነዳው። የዛሬው ሞተር ብስክሌት አባት ይህ ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ቢተዋወቁ ኖሮ ምኒልክ ወዲያው ፍታው የሚሉት ይመስለኛል።

ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ውኃ የሚቀዳው በሰው ጫንቃ ነበር። በ1886 ዓ. ም. ግድም ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ በቧንቧ ውኃ ስቦ ወደ ግቢው እንዲገባ አደረገ። ግቢው ራሱ ጕብታ ላይ ስለ ሆነ ውኃው ከተራራው ወርዶ ሸለቆውን ከተሻገረ በኋላ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ውኃ ሽቅብ ይሄዳል ብሎ ማን ያምናል? የከተማው ሰው ሁሉ ተደነቀ። ነገሩ ግን አስማት አይደለም፤ ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ እስከ ሆነ ድረስ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ በክብደቱ ተገፍቶ ወደ ምንጩ ከፍታ ለመድረስ ይሞክራል። ይህን በስምንተኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከቤታችን በላይ ባለው ተራራ ላይ በእውነት እንደ ተሠራ ግን እስከ ዛሬ ዓመት ድረስ አላውቅም ነበር።

የባቡር ሐዲድ ፈቃድ የሰጡትም በ1886 ዓ. ም. ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ. ም.፣ አዲስ አበባ ደግሞ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ. ም. ነው። ባቡሩን በጕጕት ሲጠባበቁ ሳለ በ1896 ዓ. ም. ግድም ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል የአርመን ተወላጅ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ መኪና አገር አቋርጦ አመጣላቸው። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው፤ ዘፈንም ወጣለት።

በ1900 ዓ. ም. ደግሞ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባል አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃና ተራራ አቋርጦ አዲስ አበባ አስገባ። ከእርሱ ቀጥሎ አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ አመጣ። ምኒልክ በአውቶሞቢሉ ተቀምጠው ተንሸራሸሩ፤ ይሁን እንጂ መቀመጥ ብቻ አልበቃቸውም። ተሰማ እሸቴ የሚባለውን፣ በግጥም ችሎታው የታወቀውን ወጣት፣ የአውቶሞቢል ሥራና ጥገና እንዲማር ከሆልትስ ጋር ወደ ጀርመን ላኩት። ተሰማ በዚያው ሳለ ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ባለ ሸክላ ሆነ፤ በልጅ ኢያሱ ዘመንም ነጋድራስ ተባለ። ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው በዜማውና በቅኔው ነው፤ የተላከው ግን የሞተር ሆድ አይቶ እንዲመጣ ነበር።

ሰዎች ምኒልክ በኤሌክትሪክ የሚገድል ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ዙፋን አደረጉት እያሉ ሲሥቁ እሰማለሁ። ለዚህ ወሬ አንድም ማስረጃ የለም። የገዙትን ዕቃ ሁሉ ፈትተው የሚያዩ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጠይቁ ያዝዛሉ ብሎ ለማመን ለእኔ ይከብደኛል።

አውቶሞቢሉ በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1902 ዓ. ም. መጀመሪያ፣ ጽኑ ሕመም ጣላቸው፤ አንደበታቸውና ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ቈየ፤ ዐፅማቸው አሁን ያለው በበዓታ ለማርያም ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሞታቸው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ይሞታል። ኢልግ ስዊስ፣ ሰርኪስ አርመን፣ ቤንትሌይ እንግሊዝ፣ ሆልትስ ጀርመን ነበሩ፤ ሊያውቅ የሚጓጓው ግን ንጉሡ ብቻ የነበረ ይመስላል፤ እርሳቸው ሲታመሙም የመፍታቱ ጉጉት አብሮ የታመመ ይመስለኛል። የእኛ ሠፈር ባለ ሞተሮች ብዙዎቹ ከእኔ አይሻሉም፤ የሞተራቸውን ቀለምና ዋጋ ያውቃሉ፣ ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ ግን ሲጠየቁ ወደ ጋራዥ ያመለክታሉ። ይህን ስል እነርሱን ለመስደብ አይደለም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ትምህርት ቤት እንደ ተከፈተ አጎቴ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ጆንያ ላይ አስቀምጠው ሞተሩን አስፈቱኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ካርቡራተሩን ፈትቼ ስገጥም አንዲት ትንሽ ቍራጭ ተረፈችኝ፤ እንደገና ፈታሁት። በሁለተኛው ፍሪሲዮኑን አየሁ። በሦስተኛው አጎቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እኔ ብቻዬን ሠራሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳል ሳሉ፤ እኔም የምይዘውን ብሎን ለወጥሁ።

በጥቅምት ወር እንደገና ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሞተሩ ሲሞቅ የአየሩን መዝጊያ ከፈትሁ፤ በዚያ ጠምዛዛ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ አለፈ። እንጦጦ ማርያም ስደርስ ሰው ከቅዳሴ ይወጣ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ቤተ መዘክር የምኒልክንና የጣይቱን ዕቃዎች፣ ከዚያም ከጭቃና ከእንጨት የተሠራውን አሮጌ ቤታቸውን አየሁ። ወደ ሞተሩ ተመልሼ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁና ከመቀመጫው ሥር ቍልፉን አውጥቼ ካንዴላውን ፈታሁት፤ ጫፉ የቡና ቀለም ነበረው።