የታንኩን እግር የሠራው ሰው

ታንክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መድፉ ነው። ከዚያ ካለፍን ደግሞ የጦር መሪዎቹን ስም እንጠራለን። ያ ሁሉ ብረት ጉድጓዱንና ድንጋዩን እንዴት አልፎ እዚያ እንደደረሰ ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም። ለዚህ ቡለቲን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲነገረኝ ክፍላችን ውስጥ ፖለቲከኛና ዘፋኝ የመረጠው ብዙ ስለሆነ፣ እኔ ስለ ጎማና ስለ ሞላ ሲያስብ ዕድሜውን የጨረሰውን አሜሪካዊ መሐንዲስ ጆን ዋልተር ክሪስቲን መረጥኩ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ክሪስቲ በ1865 በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደ። ገና በ16 ዓመቱ ኒው ዮርክ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ከሥራው ጎን ለጎንም ኩፐር ዩኒየን በሚባለው ተቋም ይማር ነበር። ከዚያ በኋላ የመርከብ ኩባንያዎች አማካሪ መሐንዲስ ሆነ። ለጦር መርከብ መድፍ የሚሽከረከርበትን ሐዲድ አሻሻለ። ግን አንድ ቦታ የሚረጋ ሰው አልነበረም። ሞተሩን በአግድም አስቀምጦ የፊት ጎማዎቹን በቀጥታ የሚያሽከረክር የውድድር መኪና ሠራና ራሱ እየነዳ ይወዳደር ጀመር። በ1907 በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ የተሰለፈበት መኪና የሞተሩ መጠን ወደ 20 ሊትር ይጠጋል። የእኛ ሚኒባስ ታክሲዎች ሞተር ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ቢሆን ነው፤ እንግዲህ አስቡት! ምን ዋጋ አለው፣ ጥቂት ዙር እንደሄደ ተበላሽቶ ወጣ። ያው ሐሳብ በኋላ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ጠቅሟል። በፈረስ ይጎተት የነበረውን የእሳት ማጥፊያ የሚጎትት ባለ ሁለት ጎማ የፊት ሞተር ሠርቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሸጠ።

ወደ ጦር መሣሪያ የገባው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ታንክ ጎማዎቹ ያለ ምንም ሞላ ከአካሉ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ያህል ነው። ሰንሰለቱም ቶሎ ስለሚያልቅ እስከ ጦር ሜዳው ድረስ በባቡር ነበር የሚጫነው። ክሪስቲ ለዚህ ያመጣው መልስ፣ ታንኩ በደህና መንገድ ላይ ሲሆን ሰንሰለቱን አውልቆ እንደ መኪና በጎማ እንዲሄድ፣ ሜዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ እንዲያጠልቅ ነበር።

ስሙን ያስጠራው ግን በ1928 የሠራው ነው። በእያንዳንዱ ጎን አራት ትልልቅ ጎማዎች አሉ። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ክንድ አለው፤ ክንዱ የሚገፋው ደግሞ በድርብ ግድግዳ መካከል የተደበቀ ረጅም ጥምዝ ሞላ ነው። አንዱ ጎማ ጉብታ ሲያጋጥመው ብቻውን ከፍ ይላል፣ ጎረቤቱ መሬት እንደረገጠ ይቀራል፣ አካሉ ብዙም አይናጥም። በሰንሰለት ወደ 68፣ በጎማ ብቻ ሲሆን በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ። ክሪስቲም ከዘመኑ 12 ዓመት ይቀድማል ብሎ በማሰብ የ1940 ሞዴል ብሎ ሰየመው።

ነገሩ የገባኝ ከመጽሐፍ ይልቅ ሜካኒካል ምህንድስና ከሚማር ጓደኛዬ ነው። እሱና ጓደኞቹ ካሜራ የተሸከመ ባለሰንሰለት ሮቦት ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሮቦት ጎማዎቹ በቡሎን ከሻንሲው ጋር ስለታሰሩ ትንሽ ጠጠር ሲረግጥ ሁለመናው ይነሳል፤ መሬት የሚነካው አንድ ሁለት ጎማ ብቻ ይሆናል፤ የካሜራው ምስልም ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ላይ ለእያንዳንዱ ጎማ ክንድና የእስክሪብቶ ሞላ አደረጉለት። ምስሉ ረጋ። ታዲያ ሌላ ችግር መጣ፤ ጎማዎቹ ከፍ ሲሉ የጎማ ሰንሰለቱ ይላላና ሮቦቱ ሲዞር ዘሎ ይወልቃል። በመጨረሻ የፊተኛውን ጎማ በሌላ ሞላ ወደ ፊት እንዲገፋ አደረጉት፤ ሰንሰለቱ በላላ ቁጥር ይወጥረዋል። በሰንሰለቱ መሐል ለመሐል ደግሞ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ጥርስ አበጁለት። ሞላው ከላላ አካሉ ይቀመጥበታል፣ ከጠነከረ እንደሌለ ይቆጠራል አለኝ። ሞላው ብቻውንም አይበቃም፤ የሚያበርደው አሞርዛተር ከሌለ ጉብታውን ካለፈ በኋላም መወዛወዙን ይቀጥላል። የክሪስቲም ሥራ የሚታማው በዚሁ ነው። ሞላዎቹ የሠራተኞቹን ቦታ ይሻማሉ፣ ለጥገናም አይመቹም።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ታንኩን አይቶ ተደነቀ፣ ግን አልተስማማም። ሠራዊቱ ብረቱ ወፍራም፣ ከእግረኛ ጋር የሚሄድ ታንክ ይፈልጋል፤ ክሪስቲ ፍጥነት ይበልጣል ይላል። ለውጥ ሲጠየቅ አይለውጥም፤ የድሮው ተመርምሮ ሳያልቅ አዲስ ይዞ ይመጣል። በ1931 ሰባት ታንክ ብቻ ገዙት። ብዙዎች ቢሮክራሲው ነው የበደለው ብለው ይጽፋሉ። እኔ ግን ግማሹ ጥፋት የራሱ ይመስለኛል። ፖላንድም ገንዘብ ከፍላው ታንኩን ሳያስረክብ ቀርቶ ገንዘቡን እንዲመልስ ተገዷል።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ የ1930ው ሽያጭ ነው። ያኔ አሜሪካ ለሶቪየት ኅብረት መንግሥት ገና እውቅና አልሰጠችም፤ የሰጠችው በ1933 ነው። ክሪስቲ ሁለት ታንኮችን መድፍ የሚቀመጥበትን ቱሬት ነቅሎ፣ ወረቀቱ ላይ የእርሻ ትራክተር ናቸው አስብሎ፣ የመንግሥቱን ፈቃድ ሳያገኝ በመርከብ ላካቸው። ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የወደብ ሰነድ የሚያነብ ዘጋቢ ትራክተር የምትለዋን ቃል አይቶ ያልፋል፤ ሳጥኑን ያስከፈተ ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። ሰውየው ገንዘብ ቸግሮት ነበር ቢባል እንኳ ሸቀጡ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለዚህ ማስተባበያ ልፈልግለት አልችልም።

ካርኮቭ ያሉ መሐንዲሶች ከሁለቱ ተነስተው ቢቲ የተባሉትን ፈጣን ታንኮች ከ7 ሺህ በላይ አመረቱ። ከዚያ ሚካኤል ኮሽኪን የሚባል መሐንዲስ መጣና ክሪስቲ የማይነካውን ነካ። ሰንሰለት አውልቆ በጎማ መሄድ ለሥራ አስቸጋሪ ነው ብሎ አስወገደው፤ ሞላውንና ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀረ፤ ብረቱን አወፈረ። ቲ-34 የተወለደው እንዲህ ነው። ኮሽኪን በ1940 በሳንባ ምች ሞተና ጦርነቱን አላየም። ታንኩ ግን ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩትን ጨምሮ ከ80 ሺህ በላይ ተመርቷል፤ አገራችንም ከታጠቁት አንዷ ነበረች። እንግሊዞችም በ1936 አንድ የክሪስቲ ታንክ ገዝተው ክሩሴደርንና ክሮምዌልን በዚያው ሞላ ላይ ሠሩ።

ክሪስቲ ወደ ኋላ ላይ ከአውሮፕላን የሚወርድ፣ እንዲያውም የሚበር ታንክ እያለ ይነድፍ ነበር፤ የገዛው የለም። ጃንዋሪ 11 ቀን 1944 በ78 ዓመቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ፎልስ ቸርች በምትባል ከተማ ሞተ። በዚያ ወር የሩሲያም የእንግሊዝም ታንኮች በእሱ ሞላ ላይ ይሄዱ ነበር። የገዛ አገሩ ሠራዊት ዋና ታንክ ሸርማን ግን የሌላ ሰው ሞላ ነበረው።