ላይብኒዝና የካልኩለስ በር

ከጊኒር ተነሥተን ለከፍተኛ ትምህርት የምንወጣ ወጣቶች መንገዳችን ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዶቻችን ሮቤ ወደሚገኘው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌሎቻችን ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ እንመደባለን። ዳሩ ግን የተፈጥሮ ሳይንስና የምሕንድስና መስክ የመረጥን ሁሉ በአንድ በር ማለፋችን አይቀርም፤ ይኸውም ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚያጋጥመን የካልኩለስ ትምህርት ነው። በዚህ በር ላይ ብዙዎች ተሰናክለው እንደ ቀሩ፣ ሌሎችም የተመኙትን መስክ ትተው ወደ ሌላ እንደ ተዛወሩ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከውድቀቱም ይልቅ የሚያሳዝነው ወንድማችን ወይም እኅታችን ከአንድ ፈተና በኋላ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም ብለው በራሳቸው ላይ መፍረዳቸው ነው።

ይህ ፍርድ እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመር፣ ካልኩለስን ለዓለም ካበረከቱት ሁለት ሊቃውንት የአንዱን፣ የጀርመናዊውን የጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ውድ አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

ላይብኒዝ ጁላይ 1 ቀን 1646 በላይፕዚግ ከተማ ተወለደ። ጊዜው ጀርመንን ለሠላሳ ዓመት ያጎሳቆለው ጦርነት ሊያበቃ ሁለት ዓመት የቀረው ነበር። አባቱ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበሩ፤ ነገር ግን ልጁ ገና በስድስት ዓመቱ ሳለ ዐረፉ። ለሕፃኑ የተረፈው ትልቁ ውርስ የአባቱ መጻሕፍት ነበሩ። ላይብኒዝም ስምንት ዓመት ያህል ሲሆነው መጻሕፍቱ ወዳሉበት ክፍል እንዲገባ ተፈቀደለት። የላቲንን ቋንቋ ሥዕል ካለበት መጽሐፍ፣ ቃሉን ከሥዕሉ ጋር እያገናዘበ፣ በአብዛኛው በራሱ ጥረት ተማረ። በ1661 በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያም ሕግ አጥንቶ ለዶክትሬት ቢደርስ ላይፕዚግ ወጣት ነህ ብሎ ስለ ከለከለው፣ ወደ አልትዶርፍ ሄዶ በ1667 ማዕረጉን ተቀበለ። እዚያው የመምህርነት ቦታ ቢሰጠው ግን አልፈለገም፤ በማይንዝ ገዥ ዘንድ የሕግና የፖለቲካ ሥራ ያዘ።

እስከዚህ ድረስ ስንመለከተው ሰውየው የሕግ ሰው፣ የፍልስፍና ሰው ነው። የሒሳብ ሰው ግን አልነበረም። በተማረበት ቦታ ይሰጥ የነበረው ሒሳብ ከጂኦሜትሪ መግቢያ ብዙም የማያልፍ ስለ ነበረ፣ በዘመኑ በሌላ አገር የተደረሰበትን አዲስ ዕውቀት ሁሉ ሳያይ ነው ያደገው። ከእኛ መካከል መሠረቱ ሳይጠብቅለት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ቢኖር፣ እንግዲህ ከላይብኒዝ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ ማለት ነው።

በ1672 ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ፓሪስ ተላከ። 26 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የመጣበት ጉዳይ አልተሳካም፤ ነገር ግን በፓሪስ ክርስቲያን ሆይገንስ ከተባለው የኔዘርላንድ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጋር ተዋወቀ። ሆይገንስ የወጣቱን ችሎታ ለመፈተን አንድ ጥያቄ ሰጠው። ጥያቄውም 1፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ አንድ ስድስተኛ፣ ከዚያ አንድ ዐሥረኛ እያልን ያለ ማቋረጥ ብንደምር ድምሩ ስንት ይሆናል የሚል ነበር።

ላይብኒዝ ቁጥሮቹን በቀጥታ ከመደመር ይልቅ እያንዳንዱን እንደ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት አድርጎ ጻፈው። የመጀመሪያው 1 ማለት 2 ሲቀነስ 1 ነው። ቀጥሎ አንድ ሦስተኛ ማለት 1 ሲቀነስ ሁለት ሦስተኛ ነው። አንድ ስድስተኛም ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ ግማሽ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይዘህ ብትሞክረው አንዱ የሚቀንሰውን ቀጣዩ መልሶ ሲደምረው፣ በመካከል ያሉት ሁሉ ሲጠፋፉ ታያለህ። በመጨረሻ የሚቀረው የመጀመሪያው 2 ብቻ ነው፤ መልሱም 2 ነው። ከዚህ ቀላል ከሚመስል ሥራ ላይብኒዝ አንድ ትልቅ ነገር ጨበጠ፤ ይኸውም ልዩነት መውሰድና መደመር ተቃራኒ ሥራዎች መሆናቸው፣ አንዱም ሌላውን የሚፈታው መሆኑ ነው።

በ1673 መጀመሪያ ወደ ለንደን ሄዶ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል እንድትችል ያሰባትን ገና ያላለቀች የሒሳብ መኪና ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አሳየ። ነገር ግን በአንድ ግብዣ ላይ ስለ ቁጥሮች ልዩነት ያገኘውን ዘዴ ቢናገር፣ ጆን ፔል የተባለ የሒሳብ ሊቅ ያ ነገር አስቀድሞ በመጽሐፍ የታተመ መሆኑን ነገረው። የሰው ሥራ የራሱ አድርጎ ያቀረበ እንዳይመስልበት ፈርቶ ጉዳዩን በጽሑፍ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ቀረም በዚያ ጉዞ ተረዳ። በዚያው ክረምት ደጋፊዎቹ የነበሩት የማይንዝ ባለሥልጣናት ተከታትለው ስለ ሞቱ ኑሮው ጭምር የማያስተማምን ሆነ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሒሳብን ትቶ ወደሚያውቀው የሕግ ሥራ በተመለሰ ነበር። ላይብኒዝ ግን ወደ ፓሪስ ተመልሶ ሆይገንስ የጠቆመውን መጽሐፍ ሁሉ፣ የፓስካልን፣ የዴካርትን፣ የሌሎችንም ሥራ ከሥሩ ጀምሮ ማጥናት ያዘ። ያልተማረውን ትቶ ወደ ፊት አልዘለለም፤ የጎደለውን ሞላ። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር 1675፣ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፋችን የምናያቸውን ሁለት ምልክቶች በማስታወሻው ላይ ጻፈ። አንዱ ለድምር የቆመው ረዘም ያለው የ«ኤስ» ፊደል ነው፤ ይህም የኢንተግራል ምልክት ነው። ሁለተኛው ለልዩነት የቆመው «ዲ» የተባለው ፊደል ነው፤ ይህም የዴሪቬቲቭ ምልክት ነው።

የነገሩን ፍሬ በአገራችን ምሳሌ ብናየው ይቀለናል። የጎባ ከተማ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከሰነቴ አምባ በላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ከጎባ ወደዚያ ጫፍ የሚወጣ ሰው መንገዱ አንዳንዴ ቀጥ ያለ ዳገት፣ አንዳንዴ ሜዳ፣ አንዳንዴም ቁልቁለት ይሆንበታል። መንገደኛው በቆመበት በአንዱ ነጥብ ላይ ዳገቱ ምን ያህል ቀጥ ያለ እንደሆነ የሚነግረን ዴሪቬቲቭ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የወጣውን ከፍታ፣ የወረደውን እየቀነስን፣ ብንደምር ደግሞ መንገዱ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ ድምሩ የመጨረሻው ከፍታ ሲቀነስ የመነሻው ከፍታ ነው፤ ይህም 1,700 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ የመደመር ሥራ ኢንተግራል ነው። እነሆ፣ የካልኩለስ ዋና ሕግ የሚባለው ከሆይገንስ ጥያቄ መልስ ጋር አንድ ዓይነት ሐሳብ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው በኖቬምበር 1675 ማስታወሻ ላይ ለእኛ ለተማሪዎች ሊያስገርመን የሚገባ ነገር አለ። ላይብኒዝ የሁለት ነገሮች ብዜት ዴሪቬቲቭ የሁለቱ ዴሪቬቲቮች ብዜት ይሆን እንደሆነ ጠይቆ መርምሯል። ይህ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው፣ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰረዝበት ስሕተት ነው። ላይብኒዝ በምሳሌ ሞክሮ እንደማይሆን አየ፤ ብዙም ሳይቆይ ትክክለኛውን ሕግ አገኘ። እንግዲህ ካልኩለስን የፈጠረው ሰው ራሱ የቆመበትን ቦታ እኛ ስንቆምበት ለትምህርቱ እንዳልተፈጠርን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በ1676 ፓሪስ ውስጥ ቋሚ ቦታ ስላላገኘ በሃኖቨር መስፍን ዘንድ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊና አማካሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ያ ቤት አሠሪው ሆኖ ቀረ። በ1684 አዲሱን ዘዴ በላይፕዚግ በሚታተም መጽሔት ላይ አወጣው። ጽሑፉ ስድስት ገጽ ያህል ብቻ ሲሆን እጅግ የታመቀና ለመረዳት የሚያስቸግር ነበር። በስዊዘርላንድ የባዝል ከተማ የነበረው ያኮብ በርኑሊ እንኳ ስላልገባው በ1687 ማብራሪያ እንዲሰጠው ለላይብኒዝ ደብዳቤ ጻፈ። ዳሩ ግን ላይብኒዝ በዚያው ዓመት የመሳፍንቱን የዘር ታሪክ ለማጥናት ረጅም ጉዞ ጀምሮ ስለ ነበር፣ መልሱ የተጻፈው በ1690 ነበር። ያኮብ ግን እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ከታናሽ ወንድሙ ከዮሐን ጋር ሆኖ ስድስቱን ገጾች ሲመረምር ቆይቶ፣ መልሱ ሳይደርስ ሁለቱም ትምህርቱን ተረዱት። ዮሐንም ለፈረንሳዊው ለሎፒታል አስተማረ፤ ሎፒታልም በ1696 የመጀመሪያውን የካልኩለስ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በክፍል ውስጥ የሎፒታል ሕግ እያልን የምንማረው የዚህ የመማማር ሰንሰለት ፍሬ ነው።

በዚሁ ጉዞው ላይብኒዝ በፍራንክፈርት ያገኘው አንድ ሰው ደግሞ ነገሩን ወደ አገራችን ያቀርበዋል። ሰውየው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛን ያጠናው የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ከነበሩት ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። ሁለቱ በ1649 በሮም ተገናኙ፤ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው አብረው ሠርተዋል። ሉዶልፍ በኋላ፣ በ1698፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ላይብኒዝም የቋንቋዎችን ዝምድና ለማወቅ ይጓጓ ስለ ነበር ከሉዶልፍ ጋር ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፏል። ካልኩለስ ከኢትዮጵያ ተገኘ ማለታችን አይደለም። ሆኖም ካልኩለስን የፈጠረው ሰው ከአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ተማሪ ዘንድ ዕውቀት ሲጠይቅ መኖሩን ማወቅ፣ ዕውቀት በአንድ ሕዝብ አጥር ውስጥ የማይታጠር መሆኑን ያስረዳናል።

የላይብኒዝ የመጨረሻ ዓመታት ግን መራራ ነበሩ። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ይህንኑ ዘዴ በ1665 እና በ1666 ወረርሽኝ ወደ ትውልድ መንደሩ በመለሰው ጊዜ አግኝቶት ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን በ1704 እንጂ አስቀድሞ አላሳተመውም። የኒውተን ወዳጆች ላይብኒዝን በስርቆት ከሰሱት። ላይብኒዝ አቤቱታውን ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ቢያቀርብ፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኒውተን ራሱ ነበር፤ የ1712ቱን የመርማሪ ጓድ ሪፖርትም በአብዛኛው ያዘጋጀው እሱ ነው። የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ሁለቱም ለየራሳቸው እንደ ደረሱበት ይስማማሉ። የክብር ጥሉ የጎዳው ግን ሁለቱን ብቻ አይደለም፤ እንግሊዛውያን የኒውተንን ምልክት አንለቅም ብለው በላይብኒዝ ምልክት ከሚሠራው ከቀረው አውሮፓ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀሩ። በ1812 በካምብሪጅ የተሰበሰቡ ተማሪዎች ናቸው የላይብኒዝን ምልክት ለማስገባት ማኅበር ያቋቋሙት።

ጌታው የሃኖቨር መስፍን በ1714 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ ሲሄድ ላይብኒዝ ያልጨረሰውን የታሪክ መጽሐፍ እንዲጽፍ ወደ ኋላ ቀረ። ኖቬምበር 14 ቀን 1716 በ70 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ላይ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች አንድም አልተገኘም፤ መቃብሩም ከ50 ዓመት በላይ ምልክት ሳይደረግበት ቆየ። ለመቃብሩ ምልክት የነፈገው ዓለም ግን እነሆ ዛሬም በየክፍሉ በእሱ ምልክት ይጽፋል። በ1703 ያሳተመው፣ ቁጥርን ሁሉ በ0 እና በ1 ብቻ የመጻፍ ዘዴም ዛሬ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚሠራበት ነው።

ከዚህ ሕይወት እኛ የጊኒር ወጣቶች ሁለት ነገር መያዝ እንችላለን። አንደኛው፣ በካልኩለስ የሚወድቀው አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው በካልኩለሱ ሳይሆን ከሱ በፊት በቀሩት ነገሮች፣ በክፍልፋይ፣ በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ነው፤ ይህም ላይብኒዝ በፓሪስ እንዳደረገው ተመልሶ የሚሞላ ጉድለት ነው እንጂ የተፈጥሮ ጉድለት አይደለም። ሁለተኛው፣ ስድስት ገጽ ለሁለቱ ወንድማማቾች የተገለጠላቸው አብረው በመቀመጣቸው ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በክረምት ከየዩኒቨርሲቲው የምንመለስ ተማሪዎች፣ ያለፍነውም የወደቅነውም፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ታናናሾቻችን አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ብናስጠና፣ በመስከረም ወደ በሩ የሚደርሱት እንደ እኛ ባዶ እጃቸውን አይደርሱም። የሚያስፈልገው አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የእኛ መምጣት ነው። ስማችሁን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አስመዝግቡ።