የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ፦ አባ አብርሃም (አቡ ሩሚ)

በአገራችን በወሎ ስለ አንዲት ቃል መከራከር አዲስ ነገር አይደለም። ከደሴ ወጣ ብላ የምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ክርስቶስ መቀባትና ልደት ያከራከሩባት ቦታ ናት። ዛሬም ከደሴ ይሁን ከኮምቦልቻ የመጡ ሠልጣኞች ሁለት ዓይነት የአማርኛ መጽሐፍ ገልጠው፣ አንዱ የሌላውን ተሳስቷል ሲል እንሰማለን። ታዲያ ከመፍረዳችን በፊት አማርኛው ራሱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ አይበጅም? ስለዚህ የአባ አብርሃምን ሕይወት ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። በሕይወታቸው ታሪክ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባ አብርሃም በ1750 ገደማ በጎጃም ተወለዱ። ከግሪክ ነጋዴዎች ጋር ከአገር ወጥተው በካይሮ፣ በኢየሩሳሌም፣ በሶርያ፣ በአርመንና በፋርስ አድርገው ሕንድ እንደ ደረሱ ይነገራል። በሕንድም የታወቀውን የቋንቋ ሊቅ ሰር ዊልያም ጆንስን አግኝተው ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ አጫውተውታል። እሱም ጭውውቱን ጽፎ አሳትሞታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ታመው ወደቁ። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አስለን ደ ሸርቪል አስታመማቸው፤ ትልቁ ሥራም ከዚህ ተጀመረ። አስለን የዐረብኛውን መጽሐፍ ቀስ እያለ ያነባል፤ የከበደ ቃል ሲገጥም ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከግሪኩ እያመሳከረ ያስረዳል። አባ አብርሃም ደግሞ በአማርኛ ይጽፋሉ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ተዘግቶ እየተሠራ አሥር ዓመት ፈጀ። በመጨረሻው በእጃቸው የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ! እሳቸው ግን ሲታተም አላዩትም። ኢየሩሳሌም ደርሰው ወደ ካይሮ እንደ ተመለሱ፣ በ1819 ገደማ በወረርሽኝ ሞቱ።

በ1820 ዊልያም ጆዌት ጽሑፉን ለእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ 66ቱን ብቻ ስላተመ፣ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ የምትቆጥራቸው ሄኖክና ኩፋሌ አልገቡበትም። እንግዲህ የመጽሐፉ ቁጥር እንኳ በአሳታሚው ምርጫ ተወሰነ ማለት ነው።

ዋናው ነጥብ ግን ምንጩ ነው። የአገራችን ሊቃውንት አማርኛውን የሚያወጡት ከግእዙ፣ በአንድምታ ነበር፤ የአባ አብርሃም ከዐረብኛው መጣ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው ትርጉም ደግሞ ከዕብራይስጥና ከግሪክ ነው። በ2000 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን 81ዱን በግእዙ መንገድ አሳተመች። የምንጩ መለያየት የት ያደርሳል ቢሉ፣ ሮሜ ምዕራፍ 8 ቁጥር 34ን ማየት ይበቃል። ስለ ክርስቶስ የ1954ቱ «የሚማልደው» ሲል የ2000ው «የሚፈርደው» ይላል። የግሪኩ ግስ ስለ ሌላ መለመንን ያመለክታል፤ የግእዙ ቃል ግን ከችሎትና ከሙግት ወገን ነው። በዚች በአንዲት ግስ የተነሣ ስንቱ ጓደኛ ተኳርፏል! ሁለቱም ወገኖች እኮ የያዙትን በትክክል ነው የሚያነቡት፤ የየራሳቸውን መጽሐፍ ምንጭ ግን አልጠየቁም።

እኛ እዚህ ዳኛ ልንሆን አንችልም፤ የሃይማኖቱን ፍርድ ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። ከአባ አብርሃም ሕይወት ለመምህር የሚሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። እሳቸው አንዱን ቃል ጥለው ሌላውን ባነሡ ቁጥር፣ አይተውት ለማያውቁት አንባቢ ይመርጡለት ነበር። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ እኛም ከመጽሐፍ ወደ ልጆቹ ቋንቋ ስንመልስ ያንኑ ነው የምናደርገው። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች ሁለት መጽሐፍ ይዘው ቢመጡ፣ ማን ተሳሳተ ከማለታችን በፊት ከምን ቋንቋ ተተረጎመ ብለን መጠየቅን እንልመድ።