ጃንሆይ የማሩትና ያልማሩት

ስለ ይቅርታ ጻፉ ሲባል አብዛኞቻችን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ገልጠን የዚያን አገልጋይ ታሪክ እናነሳለን። አሥር ሺህ መክሊት ዕዳ ተትቶለት ሲያበቃ መቶ ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አንቆ የያዘውን ማለቴ ነው። ጥሩ ነው፣ እኔም ወደ እሱ እመለስ ይሆናል። ግን የታሪክ ተማሪ ነኝና ምሳሌ ብቻ አያጠግበኝም። በዚህች አገር የኖረ፣ በእርግጥ የተበደለ፣ መበቀል እየቻለ የተወ ሰው ፈለግሁ። ያገኘሁት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ነው።

እዚህ ላይ ከክፍል ጓደኞቼ ገሚሱ ፊቱን እንደሚያጨማድድ አውቃለሁ። ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ፣ የጭሰኛ የልጅ ልጅ በሞላበት ዲፓርትመንት ውስጥ ስለ ጃንሆይ ምሕረት መጻፍ ቀላል አይደለም። እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ሐውልት ላቆምላቸው አይደለም የተነሳሁት። ደግሞ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው። ዘመናችንን ራሱን ዓመተ ምሕረት ብለን የምንጠራ ሕዝቦች መሆናችን ይገርመኛል፤ ቼክ ላይ እንኳ ሳይቀር በየቀኑ ምሕረት እየጻፍን ነው የምንውለው።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ገና በሕፃንነታቸው፣ አባታቸው ራስ መኮንን ደግሞ በ1898 ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ ያደጉት በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር፣ በ1900 ገደማ ገና ጎረምሳ ሳሉ ለአጭር ጊዜ የዚህ የእኛ የሲዳሞ ሹም ሆነው ነበር። ከዚያ ሐረርጌን ያዙ፣ በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ አልጋ ወራሽ ሆኑ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫኑ። ልጅ ኢያሱ ከተያዙ በኋላ አልተገደሉም፤ አልተፈቱምም። በእስር እንዳሉ በ1928 መጀመሪያ ላይ ሞቱ። ይህን አንድ ቦታ ላይ እንያዘው፤ ሰውዬው ሲምሩ እንዴት እንደሚምሩ ከወዲሁ ያሳየናልና።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1928 ጣልያን አገሪቱን ሲወር በደቡብ ግንባር የዘመተው የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ነው። ራስ ደስታ የንጉሡ አማች ናቸው፤ ልጃቸውን ልዕልት ተናኘወርቅን ያገቡ። ጦራቸው በጥር ወር ገናሌ ዶርያ ላይ በግራዚያኒ አውሮፕላንና መድፍ ተመታ። ንጉሡ ሚያዝያ 1928 በጅቡቲ በኩል ወደ ስደት ሲሄዱ ራስ ደስታ ግን እዚሁ ቀሩ። ከሐዋሳ ወደ ዲላ ስንወርድ የምናልፋትን የይርጋለምን ዙሪያ ይዘው ወራትን ተዋጉ። ኅዳር 1929 ይርጋለም ተያዘች። ከዚያ ሽሽት፣ ረሃብ፣ ውጊያ ሆነ። በየካቲት ወር ጎጌቲ ላይ የመጨረሻው ጦርነት ተደረገ፤ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ እዚያ ወደቁ። ሌላው የንጉሡ አማች፣ የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድም ሕይወታቸው በዚያው ሰሞን አለፈ። ራስ ደስታ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተይዘው ቡታጅራ አካባቢ ተረሸኑ። ሁለት ሴቶች ልጆች በአንድ ወር ባል አልባ ሆኑ ማለት ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ነበሩ።

በዚያው ወር፣ የካቲት 12፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ከዚያ የሆነውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አዲስ አበባ ለሦስት ቀናት ታረደች፣ ተቃጠለች። በኢትዮጵያ በኩል የተገለጸው የሟች ቁጥር 30,000 ነው። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመቶዎች ተረሸኑ። የራስ ካሣ ሦስት ወንዶች ልጆች ከዚያ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ አልቀዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን የሰጡ ናቸው። ምሕረት የምትለዋ ቃል በዚያ ዓመት ፍቼ ላይ ምን እንደሆነች ልብ በሉ።

ልዕልት ሮማነወርቅ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ጣልያን ተወሰዱ። በጥቅምት 1933 ቶሪኖ ከተማ ውስጥ ሞቱ። አባታቸው ሱዳን ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሡ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገቡ። ቀኗ ሆን ተብላ የተመረጠች ናት፤ ባዶልዮ ከተማዋን ከያዘ ልክ አምስት ዓመት ሞላ። እንግዲህ ራሳችንን በዚያ ሕዝብ መካከል እናቁም። ወንድሙ በአካፋ የተገደለበት፣ ቤቱ ከነልጆቹ የነደደበት ሰው ንጉሡን ሊሰማ ቆሟል። በከተማው ውስጥ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጣልያን ሲቪሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር በር ዘግተው ተቀምጠዋል። አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበር፣ ከተማው ቄራ ይሆን ነበር። ንጉሡ የተናገሩት ተቃራኒውን ነው። ክፉን በክፉ አትመልሱ፣ ጠላት እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሲያደርግ የቆየውን ዓይነት ግፍ እናንተ አትፈጽሙ፣ የአገራችሁን ስም አታጉድፉ የሚል ነው ጭብጡ። መሣሪያውን ተቀብለን በመጣበት መንገድ እንዲመለስ እንተወዋለን አሉ። ይህን የሚሉት ሰው ሁለት አማቾቻቸውን የገደለውን፣ ልጃቸው ገና ከሰባት ወር በፊት በእጁ የሞተችበትን መንግሥት ነው። እኔ እንደ ክርስቲያን ይህን ንግግር የማደንቀው ለዚህ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስለ ይቅርታ መስበክና ሬሳ ገና ሳይደርቅ ስለ ይቅርታ መናገር አንድ አይደለም።

ሕዝቡስ? በጅምላ የበቀል እርድ አልተደረገም። እንግሊዞች ጣልያኖችን አሰባስበው ከአገር ሲያወጡ ንጉሡ መካኒኩም፣ መንገድ ሠሪውም፣ ሐኪሙም ይቅርልኝ እያሉ ይከራከሩ ነበር። የቀሩት ጋራዥ ከፈቱ፣ ዳቦ ጋገሩ፣ አግብተው ወለዱ። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ጎሚስታ የሚል ታፔላ ስታዩ፣ ልጁ ካቻቢቴ አቀብለኝ ሲል ስትሰሙ፣ ፒያሳ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙ ቃላቱ ከየት እንደቀሩልን አስቡ። ይቅር የተባለ ሰው ቋንቋውን ትቶልን ሄደ።

አሁን የሚቀጥለው ጥያቄ መምህራኖቻችን የሚወዱት ዓይነት ነው፤ ይቅርታ ነው ወይስ ፖለቲካ? ሁለቱም ይመስለኛል። ነጮች በኢትዮጵያ ቢታረዱ እንግሊዝ አገሪቱን በሞግዚትነት ለመያዝ የምትፈልገውን ሰበብ ታገኝ ነበር። ጃንሆይ ይህን የማያስተውሉ ሰው አልነበሩም። ግን አንድ መልካም ሥራ ጥቅም ስላለው መልካምነቱ ይቀራል እንዴ? ዮሴፍም ወንድሞቹን ይቅር ሲል ቤተሰቡን ወደ ግብፅ አመጣበት፤ ማንም ስሌት ነው ብሎ አልከሰሰውም።

ደግሞም ይቅርታው ፍትሕን ትቶ አልነበረም። መንግሥታቸው ባዶልዮንና ግራዚያኒን በጦር ወንጀል ለማስጠየቅ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ደከመ፤ ኃያላኑ ፊት ስለነሱት ሳይሳካ ቀረ። ግራዚያኒ አገሩ ውስጥ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ እንጂ በእኛ ደም አይደለም፤ ያም ሆኖ ብዙም ሳይታሰር ወጥቶ በነፃነት ሞተ። በፓሪሱ የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ በኋላ በተደረገው ስምምነት ገንዘቡ ቀንሶ ከፊሉ የቆቃ ግድብ ሆነ። ግድቡ በ1952 ተጠናቀቀ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስንመጣ ከሞጆ ወጣ ብለን በመስኮት የምናየው ውኃ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ዓሣ ጥብሱን ነው የሚያየው። በ1963 ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ሮም ሄደው በክብር ተቀበሏቸው። የአክሱም ሐውልት ግን ያን ጊዜ እዚያው ሮም ቆሞ ነበር፤ የተመለሰው በ1997 ነው።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ቢጠየቁ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ አስባለሁ። በአፊኒ ሥርዓት መጀመሪያ የሚፈለገው ሃላሌ ነው፣ እውነቱ። ሰማችሁ ወይ ተብሎ ነገሩ በአደባባይ ይነገራል፣ በዳይ ያደረገውን ያምናል፣ ዕርቁ ከዚያ ይከተላል። ለፍቼ ጨምበላላም ተጣልቶ መግባት ነውር ነው። ጣልያን ግን በመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በይፋ ያመነችው በ1988 ነው። ንጉሡ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏል። በአፊኒ መለኪያ የሚያዝያ 27ቱ ዕርቅ ግማሽ ነው፤ ከተበዳይ በኩል ያለው ግማሽ ብቻ። ክርስትና ግን ያንንኑ ግማሽ ብቻህን ጀምር ነው የሚለው፤ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር በዳዮቹ ይቅርታ አልጠየቁትም። ሁለቱ ሐሳቦች እንዴት እንደሚታረቁ በዚህ ጽሑፍ አልጨርሰውም፤ ከጓደኞቼ ጋር ገና እየተከራከርንበት ነው።

አሁን ወደ መራራው። ለጣልያን የተዘረጋው እጅ ለኢትዮጵያዊ ሲሆን አንዳንዴ ያጥራል። ለጣልያን ያደሩት ራስ ኃይሉ በቁም እስር ኖረው አረፉ። ጦርነቱ ገና ሲጀመር ወደ ጣልያን የገባው ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተለወጠለት። አምስት ዓመት ሙሉ ጎጃም በረሃ ጠላትን ያንቀጠቀጠው በላይ ዘለቀ ግን በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በእርግጥ ሸፍቷል፣ ከእስር አምልጧል፤ ሕጉ ነው ሊባል ይችላል። እኔ ግን የዚያን አገልጋይ ምሳሌ ሳነብ የምትመጣብኝ ይህች ስቅላት ናት። ትልቁን ዕዳ ትቶ ትንሹን ማነቅ። ደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት በአንጻሩ ስንት ጊዜ አድመው ስንት ጊዜ ታስረው ተፈተዋል፣ ተሹመዋልም፤ በመጨረሻ በ1962 በተኩስ ሞቱ። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የአድመኞቹን አዋጅ በሬዲዮ ያነበቡት አልጋ ወራሹ ተገደው ነው ተብሎ ተማሩ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ተሰቀሉ። ከዚህ ሁሉ አንድ ሕግ ለማውጣት ሞክሬ ነበር፤ አይወጣም። ሚዛኑ ያለው በንጉሡ ልብ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከበላይ ጋር የማይሆንልኝም ይኼ ነው።

በቋንቋችን ምሕረትና ይቅርታ አንድ አይደሉም። ምሕረት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ንጉሥ ይምራል፣ ዳኛ ይምራል። ይቅርታ ጎን ለጎን በቆሙ ሰዎች መካከል ነው፤ ዛሬ የጠየቀ ነገ ይጠየቃል። ጃንሆይ የምሕረት ሰው ነበሩ። ይቅርታ መጠየቅ ግን የዙፋኑ ሥርዓት አልነበረም። በደቡብ ያለው ጭሰኛ ካመረተው ላይ ከፍሎ፣ በገዛ አያቶቹ መሬት ላይ እንግዳ ሆኖ ሲኖር፣ የወሎ ገበሬ በ1965 እና 66 በረሃብ ሲረግፍ፣ ይቅር በለኝ ሊባል የሚገባው ሰው እሱ ነበር። ለጣልያን ምሕረት ሲደረግ የዚያ ሰው ይቅርታ ግን አልተጠየቀም። አያቴ ይህን በሌላ አነጋገር ነበር የምትለው፤ ጌታ ሲምር እልል ይባላል፣ ጌታ ሲበድል ግን ዝም ነው ትላለች። አያቴ ማንበብ አትችልም፤ ከእኔ ግን በተሻለ አሳጥራ ነገረችኝ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ደርግ 60 ያህል ሹማምንትን ያለ ፍርድ ረሸነ። የራስ ደስታ ልጅ እስክንድር ደስታ ከነሱ አንዱ ነው። ሦስት ልጆቻቸውን በጣልያን ያጡት የራስ ካሣ አራተኛ ልጅ፣ ራስ አሥራተም እንደዚሁ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ንጉሡም በእስር እንዳሉ ሞቱ፤ በሕመም ተባለ፣ በኋላ በፍርድ ቤት እንደተገለጸው ግን ታፍነው ነው። አስከሬናቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ወለል ስር ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

በ2003 የሃይማኖት መሪዎች ለደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ጠየቁ። ሞት የተፈረደባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው፣ በ2004 መግቢያ ላይ ብዙዎቹ ተፈቱ። አንዳንድ የተጎጂ ቤተሰቦች ተስማሙ፣ አንዳንዶቹ እኛን ማን ጠየቀን አሉ። ልዕልት ተናኘወርቅ፣ ባላቸውን ጣልያን፣ ልጃቸውንና አባታቸውን ደርግ የገደለባቸው፣ ራሳቸውም ከ1967 እስከ 1980 የታሰሩት፣ ከስደት ተመልሰው በ1995 አዲስ አበባ ላይ አርፈው ነበር። የሳቸውን መልስ ለመስማት ሽማግሌዎቹ ስምንት ዓመት ዘግይተዋል።